ጋሽ ደምለውና ሦስቱ ፔዳሎች

የጋሽ ደምለውን ማረፍ የሰማሁት ከዘንዘልማ ወደ ባሕር ዳር በሚገባ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነው። ልጃቸው ሰላማዊት ደውላ፣ «ትርንጎ፣ አባባ አረፈ» አለችኝ። ከራሴ በላይ ያለው የመኪናው ስፒከር እየተንጫረረ ስለነበር በደንብ አልሰማኋትም። «ምን አልሽኝ?» ብዬ የአባቷን ሞት ሁለት ጊዜ አስነገርኋት። ይኸ እስካሁን ይቆጨኛል። ስልኩን ዘግቼ ሾፌሩን ሙዚቃውን እንዲቀንስልኝ ለመንሁት። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ፊቴን አይተው፣ «ማን ነው ያረፈብሽ?» አሉኝ። ዘመዴ አይደሉም፤ ጎረቤቴም አልነበሩም። «መስማት ያስተማሩኝ ሰው ናቸው» ብል ግራ ይገባቸዋል ብዬ፣ «አስተማሪዬ» አልኋቸው።

ጋሽ ደምለው በሙያቸው አስተማሪ ሆነው አያውቁም። ድምፅ ማጉያ ጠጋኝ ነበሩ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ በአንድ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ክፍል እየሠሩ፣ ማታ ማታ ድምፅ ማጉያ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ከገበያ ጀርባ ሁለት ሰው የማይተላለፍባት ጠባብ ሱቅ ተከራዩ። የሠርግ ቤት አምፕሊፋየር ቢሉ፣ የትምህርት ቤት ማይክሮፎን ቢሉ፣ በሐይቁ ዙሪያ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ድምፅ ማጉያ ቢሉ፣ የሚመጣው ወደ እሳቸው ነበር። ሰው ዕቃውን ይዞ ሲገባ «ምን ሆነ?» አይሉም፤ «የት ላይ ነው ያመመው?» ነው የሚሉት። ከዚያ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ያዳምጣሉ። ኮፍያው ከወለቀ ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወሬውን ያቆማል። ማንም አዝዞ አይደለም፤ እንዲያው ይታወቃል።

ብዙ ጊዜ ዕቃውን ሳይፈቱ ነው በሽታውን የሚያውቁት። አንድ ቀን የሠርግ አዳራሽ ሰዎች «አዲስ ስፒከር ካልተገዛ አይሆንም»፣ «ይሆናል» እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ፣ ጋሽ ደምለው ትንሽ ሰምተው፣ «ስፒከሩ ደህና ነው። ገመዱን ሰው ረግጦት ውስጡ ተቆርጧል» አሏቸው። ገመዱ ሲላጥ እንዳሉት ሆኖ ተገኘ። በዚህ የተነሳ ሰዉ «ጆሮው ደምለው» ይላቸው ነበር። ስሙን እንደሚወዱት ያስታውቃሉ።

ወደ እሳቸው የሄድሁት የጊታር አምፕሊፋየሬን ይዤ ነው። ያን ጊዜ በአንድ ኮሌጅ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ሆኜ ሥራ ከጀመርሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ከሥራ ስወጣ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ከባድ ሮክ እንጫወታለን። ባሕር ዳር ውስጥ ያንን ሙዚቃ የሚወድ ሰው ጥቂት ነው፤ የሚጫወትም ከእኛ ሌላ ሰምቼ አላውቅም። ተማሪዎች በአዳራሻቸው ቅዳሜ ከሰዓት እንድንጫወት ጋብዘውን፣ ለመጀመሪያው መድረካችን ሁለት ሳምንት ቀርቶናል። ችግሩ የእኔ ጊታር ነበር። ድምፁ ንጹሕ ነው፤ ለሠርግ ዘፈን ይሆናል። እኛ የምንፈልገው ግን የሚያገሳውን፣ ክሩ ሲመታ ደረት ድረስ የሚደርሰውን ድምፅ ነው። ለዚያ ዲስቶርሽን ፔዳል ያስፈልጋል። በጊታሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል መሬት ላይ ተቀምጦ በእግር የሚረገጥ፣ የክሩን ድምፅ የሚያሻክር ትንሽ የብረት ሳጥን ነው።

ሱቅ ገብቶ አማርጦ መግዛት እዚህ የለም። ደግነቱ፣ ጊታር መጫወት ያቆመ አንድ ሰው ሦስት ፔዳል ነበረው፤ ጥቁር፣ ቀይና አረንጓዴ። «ሞክሪያቸውና አንዱን ውሰጂ፤ የቀሩትን ትመልሽልኛለሽ» ብሎ ሰጠኝ። እኔ በልቤ ጥቁሩን መርጬ ጨርሻለሁ። ወደ ጋሽ ደምለው የሄድሁት ለምርጫ ሳይሆን፣ አምፕሊፋየሩ ስለሚያጉረመርም እንዲያዩልኝ ብቻ ነበር።

«የት ላይ ነው ያመመው?» አሉኝ።

ጊታሩን ሰካሁ፤ ጥቁሩን ፔዳል ረግጬ ክሮቹን አንድ ጊዜ መታኋቸው። ጋሽ ደምለው ኮፍያቸውን አወለቁ። ድምፁ እስኪሞት ጠብቀው፣ «ይኸማ ተቃጥሏል» አሉ።

«አይ፣ ጋሼ። ይኸ ሆን ተብሎ ነው። ፔዳሉ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ሕመሙ ሳልጫወት የሚሰማው ማጉረምረም ነው።»

«ሆን ተብሎ?»

«አዎ። የምገዛው ለዚሁ ነው።»

ጥቂት አዩኝ። «እኔ አርባ ዓመት ይኸን ድምፅ ሳጠፋ ነው የኖርሁት። አንቺ ልትገዢው መጣሽ?» ብለው ሳቁ። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚነቃነቀው።

የሳቁብኝ መስሎኝ ኬብሌን መጠቅለል ስጀምር፣ «ቆይ እንጂ» አሉ። «በምንድን ነው የመረጥሽው?»

«ከሦስቱ እሱ ይበልጣል። ጌይኑ፣ የማሻከር ኃይሉ፣ ብዙ ነው። በደንብ ያሻክረዋል።»

«መጮኹን ሰምቻለሁ። ምን እንዳለ ግን አልሰማሁም» አሉኝ። ከዚያ የሥራ ጠረጴዛቸውን ጠረግ አድርገው ሦስቱንም ፔዳል ደረደሯቸው። «ሰው ሲቆጣ አይተሽ የለም? አንዱ ይጮኻል፣ የሚለው አይገባሽም። ሌላው ተቆጥቶም ቃሉ አንድ በአንድ ይሰማሻል። የምትፈልጊው የትኛውን ነው?»

የአምፕሊፋየሩን ማጉረምረም በዚያው ቀን አንድ ሽቦ በይደው አጠፉልኝ፤ እኔ ግን ለሦስት ቀን ከሥራ ስወጣ እዚያች ሱቅ ገባሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ የትኛውን ፔዳል እንደሰኩት ሳይነግሩኝ ያጫውቱኛል። ስድስቱንም ክር ባንዴ እመታለሁ። «ስንት ክር ሰማሽ?» ይሉኛል። መጀመሪያ ቀን ጥያቄው ቀልድ መሰለኝ፤ በሁለተኛው ቀን ልዩነቱ ገባኝ። በአንደኛው ፔዳል ስድስቱም ክር ተድበስብሶ አንድ ዱለት ይሆናል፤ በሌላው ሻካራ ሆኖም እያንዳንዱ ይለያል። ከዚያ የጊታሩን ድምፅ በማዞሪያው ያስቀንሱኛል፤ እጄን ሳለሰልስ ፔዳሉም አብሮ ይለሰልስ እንደሆነ ያያሉ። በመጨረሻ ክሮቹን በመዳፌ አፍኜ ዝም አሰኛቸዋለሁ።

«ዋናው ይኸ ነው» አሉኝ። «ዝም ስትይ ዝም የሚለውን ፈልጊ። አንቺ ሳትናገሪ የሚናገር ዕቃ ከያዝሽ ነገ የዕቃው ይሁን የአንቺ የማይለይ ጫጫታ ነው የሚሆነው።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ጩኸቱ እንጂ ስለ ዝምታው አስቤ አላውቅም ነበር።

ጥቁሩ የወደቀው ልምምድ ላይ ነው። ሱቁ ውስጥ ግድግዳ የሚያፈርስ የሚመስለው ድምፅ፣ ከጓደኛዬ ከናሆም ድራምና ከቤዝ ጊታሩ ጋር ሲሆን ጠፋ። እጄ ይመታል፤ እኔ ራሴን አልሰማም። በማግሥቱ ለጋሽ ደምለው ስነግራቸው አልገረማቸውም። «ከላይና ከታች ብቻ ነው፤ መሃሉ ባዶ ነው» አሉ። «የታችኛውን ቤዙ ይወስድብሻል፤ የላይኛውን የድራሙ ሳህን ይወስድብሻል። ታዲያ ለአንቺ ምን ቀረሽ?»

አረንጓዴው ቃሉ ይለያል፤ ነገር ግን ዝም ስል ከታች «እምምም» ይላል። ስለዚህ ቀዩ ቀረ። ጋሽ ደምለው ቀዩን ሰክተው አጫወቱኝ፤ ክሮቹን አፈንሁ። ኮፍያቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፤ ዓይናቸው መሬት ላይ። ቀና አሉና፣ «ይኸው፤ ዝም አለ። ይኸ ነው የአንቺ» አሉኝ።

ዝም አላለም ነበር። እንደ ወባ ትንኝ ቀጭን ሆኖ፣ ከላይ የሚያፏጭ ድምፅ አለው። እኔ ጥርት አድርጌ እሰማዋለሁ። እየቀለዱ ይሆን ብዬ ፊታቸውን አየሁ፤ አልሳቁም። እሳቸው በእርግጥ ዝም ያለ መስሏቸዋል። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። የከተማው ሰው ሁሉ «ጆሮው» የሚላቸው ሰው ያንን ድምፅ አይሰሙትም። ልናገር አፌን ከፍቼ ተመለስሁ። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው፣ በገዛ ሱቃቸው፣ በገዛ ሙያቸው እንዴት ብዬ? «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» ብዬ ቀዩን መርጬ ሦስቱንም ይዤ ወጣሁ።

መድረኩ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ጋሽ ደምለው ሳይጠሩ ልምምዳችን ላይ መጡ። «አዳራሹን ልየው ብዬ ነው» አሉ። አንድ ዜማ ተጫውተን ስናቆም ቀዩ ፔዳል በአዳራሹ ትልልቅ ስፒከሮች በኩል አፏጨ። ናሆም ጆሮውን ይዞ፣ «ትርንጎ፣ ምንድን ነው ይኸ የሚያፏጨው? ራሴን ሊበሳኝ ነው» አለ። ቤዝ የሚጫወተውም ፊቱን አጨማደደ። ጋሽ ደምለው አንድ በአንድ አዩን። የሁላችንም ፊት የሚናገረውን እሳቸው አይሰሙትም።

«አሁንም እያፏጨ ነው?» አሉ።

ናሆም «አዎ» አላቸው።

ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም ትሰሚዋለሽ?»

«እሰማዋለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሱቅዎ ጀምሮ።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ኮፍያቸውን አላወለቁም። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፈርሁ፣ ጋሼ።»

«ስለ ራስሽ ነው ስለ እኔ?»

«ስለ እርስዎ።»

ረጋ ባለ ድምፃቸው፣ «ስለ እኔ ማፈር የእኔ ሥራ ነበር» አሉኝ። «የአንቺ ሥራ መናገር ነው። አሁን ይኸን ፔዳል ይዘሽ ሰው ፊት ብትወጪ፣ አንቺም ትዋረጃለሽ፤ እኔም አላውቅም። ማንን ጠቀምሽ?»

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ተቆጥተው አልሄዱም። እጅጌያቸውን ሰበሰቡና መሬት ላይ ተንበረከኩ። ቀዩን ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው አዳፕተር ነቅለው በባትሪ ሞከሩት። «አሁንስ?» አሉኝ። «ያፏጫል» አልሁ። «እንግዲያው ከራሱ ውስጥ ነው» ብለው ወደ ጎን አደረጉት። አረንጓዴውን ከቦርሳዬ አውጥተው በባትሪ ሲሰኩት ያ «እምምም» የሚለው ነገር ጠፋ። «የዚህን መጥፋት እኔም ሰማሁት» አሉ። «ጥፋቱ የፔዳሉ አልነበረም፤ የአዳፕተሩ ነው። በአዳፕተሩ ጥፋት ነው ደህናውን ልንጥለው የነበረው።» ከዚያ ሥራውን ተካፈልን፤ የታችኛውን እሳቸው ይሰማሉ፣ የላይኛውን እኔ። ጌይኑን ከግማሽ ትንሽ ከፍ አድርገን፣ መሃሉን ጨምረን፣ ክሮቹን አፍኜ ዝም ስል አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የውጭ ባጃጅ ብቻ ሆነ።

«አሁን ዝም አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አሁን ዝም አለ» አልኋቸው። እውነቴን ነበር።

ቅዳሜ አረንጓዴውን ይዤ መድረክ ላይ ወጣሁ። ተማሪው ጨፈረ፤ ጋሽ ደምለው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እኔም ራሴን ሰማሁ። ጥቁሩንና ቀዩን ለባለቤቱ ስመልስ፣ የቀዩን ማፏጨት ነገርሁት፤ ለሌላ ሰው ከመስጠቱ በፊት እንዲያሠራው።

እንዲህ ሆኖ ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር። በወሩ ጋሽ ደምለው ደውለው፣ «ከሐይቁ ማዶ ቁንዝላ አንድ ቤተ ክርስቲያን ሥራ አለኝ። አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አሉኝ። ጠዋት በጀልባ ተነሳን። ጀልባዋ ላይ ስለ ጆሯቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አጫወቱኝ። «ዓመት አልፎታል» አሉ። «የሰላማዊት ስልክ ሲጠራ እሷ ከጓዳ ሮጣ ትመጣለች፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አልሰማውም። የታመመው ስልኩ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ፈታሁት።» ትከሻቸው ተነቃነቀ። እኔ መሳቅ አልቻልሁም።

ቁንዝላ ስንደርስ የቤተ ክርስቲያኑ መሪጌታ ይትባረክ ግቢው በር ላይ ጠበቁን። ሽማግሌ ናቸው፤ ነጠላቸውን ጥብቅ አድርገው ለብሰዋል። አዲስ ድምፅ ማጉያ ከተሰቀለ ወዲህ ቃሉ ለምእመናኑ እንደማይሰማ፣ እንደ ቆርቆሮ የሚንጫረር ነገር ብቻ እንደሚወጣ ነገሩን። ከዚያ እኔን አይተው፣ «ይች ልጅ ማን ናት?» አሉ።

ጋሽ ደምለው ልጄ ናት ሊሉ ይችሉ ነበር፤ ረዳቴ ናት ማለትም ይችሉ ነበር። ሁለት ቄሶችና ሦስት የሰበካ ጉባኤ ሽማግሌዎች ቆመው ይሰማሉ፤ ሁሉም ያስጠሯቸው «ጆሮው ደምለው» ብለው ነው።

«መሪጌታ፣» አሉ ጋሽ ደምለው፣ «የኔ ጆሮ ከፍ ያለውን ድምፅ መስማት ትቷል። ያንን የምትሰማልኝ እሷ ናት። እሷ ካልመጣች ሥራውን አልቀበልም ነበር።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሌላውን አየው። እኔ በሐፍረት ጫማ ጫማዬን አየሁ። መሪጌታ ይትባረክ ግን ወደ ጋሽ ደምለው ጠጋ ብለው፣ «እኔም ዓይኔ ከደከመ ሰንብቷል» አሉ። «ድጓውን ገልጬ እቆማለሁ እንጂ በቃሌ ነው የምመራው። እስከ ዛሬ ለሰው አልተናገርሁም።» መሪጌታና ጋሽ ደምለው ተያዩና እየሳቁ እጅ ለእጅ ተያያዙ። ከዚያ በኋላ በዚያ ግቢ እኔን ማንነቴን የጠየቀኝ የለም።

እስከ እኩለ ቀን ሠራን። መሪጌታ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመው ያዜማሉ፤ ጋሽ ደምለው ማዞሪያው ላይ ናቸው፤ እኔ ከሾላው ዛፍ ሥር ርቄ ቆሜ ድምፁ ሲሰነጠቅ ግራ እጄን፣ ሲያፏጭ ቀኝ እጄን አነሳለሁ። የማውቀው የጊታር ጩኸት ነው፤ የመሪጌታን ግዕዝም ሁሉን አልረዳውም። ሥራው ግን ያው ነበር፤ ቃሉ አንድ በአንድ ይለያል ወይስ ይድበሰበሳል። በመጨረሻ ሁለቱም እጆቼ ወረዱ። ከሐይቁ ዳር ልብስ የምታጥብ ሴት ብቅ ብላ፣ «ምን አደረጋችሁት? ዛሬ እኮ ቃሉ ተሰማኝ» አለች። ጋሽ ደምለው የእሷን ድምፅ አልሰሙትም። ሄጄ ነገርኋቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው አማተቡ።

ከዚያ ወዲህ በመሸንቲም፣ በከተማውም ብዙ ቦታ አብረን ሠራን። ሥራ ስንቀበል ሁልጊዜ እሳቸው ቀድመው ስለ ጆሯቸው ይናገራሉ። ሥራ የነሳቸው ሰው አልነበረም ብል ውሸት ነው፤ ሁለት ሦስት ሰው ዕቃውን ወደ ሌላ ወስዷል። አልከፋቸውም። «አሁን የሚመጣው እያወቀ የመጣ ነው፤ ይቀላል» ይሉ ነበር። ጉልበታቸው ሲደክም የሱቁን መሣሪያ ለእኔ አስረከቡኝ። ዛሬ ከላብራቶሪው ሥራዬ ጎን ለጎን የአዳራሽ ድምፅ የማስተካክለው በእሳቸው መፍቻና መበየጃ ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ከማረፋቸው ሦስት ሳምንት በፊት በቤታቸው ነው። ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። የግራ ጆሯቸው ጨርሶ ተዘግቶ ነበር። ስለ ሙዚቃ ቡድናችን ጠየቁኝ። አዲስ ሥራ እያዘጋጀን መሆኑን ነገርኋቸው።

«ትርንጎ፣ አንድ እውነት ልንገርሽ?»

«ይንገሩኝ፣ ጋሼ።»

«ያ ሙዚቃችሁ አንድም ቀን ጥሞኝ አያውቅም።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። ፊታቸውን ሳይ ቀልድ አልነበረም። «ታዲያ ለምን ይመጡ ነበር? በተጫወትንበት ሁሉ አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም እኮ።»

«አንቺን ልሰማ ነዋ የምመጣው» አሉኝ። «ሙዚቃውንማ ወደድሁት መች አልሁ።»

ተነሥቼ በደህናው ጆሯቸው በኩል ዞርሁና፣ ጎንበስ ብዬ፣ ቃሉ እንዳይጠፋባቸው ጮክ አድርጌ፣ «አመሰግናለሁ፣ ጋሼ» አልኋቸው።

«ሰማሁ» አሉኝ።